ሐረጎ ላይ ስንት ሰዓት ልቁም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምሠራ፣ ፎቶ ማንሳት የምወድ ልጅ ነኝ። በጥር አራት ቀን ፈቃድ አግኝቼ ወደ ወሎ መጥቼ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐረጎ፣ ደሴ፣ ጦሳ፣ ጉጉፍቱ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ፣ አርዲቦ፤ አንድም አልቀረኝም። በየቦታው ግማሽ ሰዓት ያህል እየቆምኩ ብዙ አነሳሁ። ቤቴ ገብቼ ስከፍታቸው ሰማዩ ነጭ፣ ተራራው ግራጫ፣ ሐይቁ ቆርቆሮ መስሎ አገኘሁት። ሌሎች ግን ሐረጎ ላይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ቆመው ጉም ከእግራቸው ሥር ተኝቶ ያነሳሉ። ዕድል ቀንቷቸው ነው ወይስ እኔ ትዕግሥት አጥቼ? ሐረጎ ላይ ስንት ሰዓት መቆም ነበረብኝ? ወይስ ከካሜራው ጋር የመጣውን ሌንስ ልቀይር?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፤ ሌንስህ ደህና ነው። ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ። የሐረጎው ጥያቄህ መልሱ አጭር ነው፦ በሄድክበት ሰዓት ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብትቆምም ያንን ጉም አታገኘውም ነበር። ከላክልኝ ፎቶዎች ጋር ካሜራው የመዘገበውን ሰዓት አየሁት። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተነሱ ናቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ደሴ ስቱዲዮዬ ውስጥ ሆኜ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሰርግ አልበም አሰናዳለሁ፤ ወደ ተራራ ቀና ብዬም አላይ። እንጀራዬ ከሰርግ ነው። መልክዓ ምድሩን የማነሳው ስለምወደው ስለሆነ ነፃ ሰዓቴን የት እንደማውለው መምረጥ ነበረብኝ። የምነግርህም ከዚያ ምርጫ ያገኘሁትን ነው።

ፎቶግራፍ የምንማረው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጅ ቪዲዮ ነው፤ ችግሩ እዚያ ይጀምራል። ለንደን ላይ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት የታኅሣሥ ሰሞን ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ጥላው ቀኑን ሙሉ ረጅም ነው፣ ብርሃኑም ቀኑን ሙሉ ከጎን ይመታል። በዚያው ዕለት ደሴ ላይ ቀትር ሲሆን 55 ዲግሪ ትደርሳለች። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ቀጥ ብላ ነው፤ ከአድማስ ተነስታ 6 ዲግሪ ከፍ ለማለት 25 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ተራራ ቅርጽ የሚያገኘው፣ የእርሻ ድንበርና የገደል ስንጥቅ የሚለየው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኛ ሀገር 20 ደቂቃ የዘገየ ሰው ትንሽ ዘገየ አይባልም፤ አመለጠው ነው የሚባለው። በዚያ ላይ በጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ አቧራ ይይዛል። ጠዋት የነበረው ጥራት ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይጠፋና ራቅ ያለው ተራራ ይነጣል። ነጭ ሰማይ ያልከው ይኸው ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ የቦታው አቀማመጥ ይጨመርበታል። ከተማዋ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ግራና ቀኝ ይዘዋት መሐል ላይ የተቀመጠች ናት። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው የጦሳን አናት ነው፤ ከተማው ገና ጥላ ውስጥ ሆኖ ጭሱ ከየቤቱ ሲወጣ ጦሳ ከላይ ይቀላል። ማታ ደግሞ ፀሐይ ጦሳ ጀርባ የምትገባው ከእውነተኛው መጥለቂያ ቀድማ ነው፤ ስለዚህ ፒያሳ ላይ ሆነህ ስልክህ የሚነግርህን የመጥለቂያ ሰዓት አትጠብቅ። ጥላው ከጦሳ ግርጌ ተነስቶ ከተማውን እያቋረጠ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ብርሃን የሚቀረው አዝዋ ገደል በኩል ባለው ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ ጦሳን የሚፈልግ ሰው ጠዋት ከምሥራቁ ወገን ይቆማል። ከተማዋን ከላይ የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ላይ ይወጣል፣ ፀሐይዋ ከጀርባው እንድትሆን። አንተ ረፋድ ላይ ጦሳ ወጥተህ ወደ ምሥራቅ ዞረህ አነሳህ፤ ብርሃኑ ፊት ለፊትህ ነበርና ደሴ ጭጋግ ውስጥ የገባች መሰለች።

ፀሐይ ተራራው ጀርባ ልትገባ ስንት ጊዜ እንደቀራት ለማወቅ መተግበሪያ አያስፈልግህም። ክንድህን ዘርግተህ አራት ጣትህን አጋድመህ ከፀሐይዋ ሥር እስከ ተራራው ጫፍ ለካ። አራት ጣት አንድ ሰዓት ግድም ነው፣ አንዲቷ ጣት ሩብ ሰዓት። ፀሐይዋን ግን አፍጥጠህ አትያት።

አሁን ወደ ጉሙ። እኛ ዘንድ ጉም ሁለት ዓይነት ነው፤ አነሳሳቸውም አይገናኝም።

አንደኛው ክረምት ላይ ከጦሳ የሚወርደው ነው። እሱ ራሱ ደመና ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ደመናው ሰፈር ውስጥ ይገባል፤ አንተም ውስጡ ነህ እንጂ ከላዩ አይደለህም። በእንዲህ ያለ ቀን ሩቅ ነገር መፈለግ ድካም ነው። ቅርብ ያለውን አንሳ፦ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ ዳገቱ ላይ የሚጠፋ መንገድ። ጉሙ ከኋላ ያለውን የመብራት ምሰሶና ቆርቆሮ ሁሉ ስለሚሸፍንልህ ሌላ ቀን የማይሆን ቦታ በዚያ ቀን ሸጋ ይሆናል። ካሜራው ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ከፍ አድርግ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለውም።

ሁለተኛው አንተ የተመኘኸው ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ የቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ ተራራ ከቧት ነው ያለችው። ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁለቱን ተከትሎ ሸለቆው ውስጥ ይሰበሰባል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እዚያው ወደ ጉም ይለወጣል። ከላይ ያለው አየር ከታችኛው ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ጉሙ መውጣት አይችልም፣ እስኪነጋ ተኝቶ ይቆያል። ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ይነሳና ይበተናል።

ከዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ማውጣት ትችላለህ፦ እርጥብ መሬት፣ የጠራ ሰማይ፣ የረጋ አየር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ግን ተዘግቷል። ጥር ላይ ሰማዩ ጠርቷል፣ አየሩም ረግቶ ያድራል፣ መሬቱ ግን ደርቋል። ሦስቱ የሚገናኙት ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ፣ ይልቁንም ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ማታ ሰማዩ በተገለጠ ቀን ማግስት። በልግ ላይም ዝናቡ ሲያባራ እንዲህ ያለ ሌሊት ይገኛል። እንግዲህ አንተ ዕድለ ቢስ ልትባል አትችልም፤ ከሦስቱ አንዱ በሌለበት ወር ነው የመጣኸው።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ካደርክበት ደጅ ወጥተህ ቀና በል። ኮከቡ ጥርት ብሎ ከታየህ፣ ቅጠል የማያንቀሳቅስ ጸጥታ ከሆነ፣ የመኪና ጣሪያ በጤዛ ከረጠበ፣ ሰዓትህን ሞልተህ ተኛ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ደግሞ በደንብ ተኛ። ብዙ ሰው ትዕግሥት የሚመስለው በየሌሊቱ መነሳት ነው። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ይደክመውና ትክክለኛው ሌሊት ሲመጣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያድራል። ጉልበትህን የምትቆጥበው ሰማዩን በማንበብ ነው።

ሐረጎ ላይ ስትሆን ከላይኛው መታጠፊያዎች በአንዱ፣ መንገዱ ሰፋ ብሎ ዳር በያዘበት ቦታ ቁም። ከባድ መኪና የሚበዛበት ጠመዝማዛ ነው፤ ትራይፖድህን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያህን) አስፋልት ላይ አትትከል፣ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር አትቁም፣ ጭጋግ መንገዱ ላይ ከወጣ ደግሞ ፎቶውን ተወው። ፀሐይ በመስከረም መጨረሻ ከንጋቱ 12፡10 ግድም፣ በጥር አጋማሽ 12፡45 ግድም ትወጣለች። አንተ ከዚያ 40 ደቂቃ ቀድመህ ቦታህን መያዝ አለብህ፤ ምክንያቱም ጉሙ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበት፣ የኮምቦልቻ መብራቶች ከሥሩ የሚያበሩበት ጊዜ ከፀሐይ በፊት ነው። ብዙዎች የሚያነሱት ከፀሐይ በኋላ ያለውን ነው። ለእኔ የመጀመሪያው ይበልጣል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጉሙ ማበጥ ይጀምራል፤ አንዳንድ ቀን ወደ ላይ ይመጣና ይውጥሃል። ያኔ መኪናህ ውስጥ አትግባ። የሚበተን ጉም ሲከፈትና ሲዘጋ ነው ከሁሉ የተሻለውን የሚሰጠው፤ የአንድ ኮረብታ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ ይጠፋል።

ዕድል ያልከው ውስጥ አቅጣጫና ሰዓት ያለው ሌላም አለ። ቀስተ ደመናን ውሰድ፣ እናቶቻችን የማርያም መቀነት የሚሉትን። ሰው ድንገት የሚመጣ ነገር ያደርገዋል፤ ግን ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚቆመው፣ ከራስህ ጥላ አቅጣጫ ዙሪያ 42 ዲግሪ ርቆ። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ሜዳ ላይ ሆነህ አታየውም። ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ ፀሐይ ከዚያ በታች የምትሆነው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በምዕራብ ስትሆን ቀስተ ደመናው በምሥራቅ፣ አዝዋ ገደልና ኮምቦልቻ በኩል ይሆናል። ስለዚህ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ምሥራቁ ጠቁሮ ምዕራቡ ከተሰነጠቀ ቡናህን አስቀምጠህ ውጣ፤ ጦሳ ፀሐይዋን እስኪከልላት ድረስ ያለህ ጊዜ አጭር ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ባለች ቁጥር ቀስቱ ከፍ ይላል። ፖላራይዘር (ሌንስ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ) ካለህ ደግሞ እያዞርክ እይ፤ የቀስተ ደመና ብርሃን ራሱ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ስለሆነ በአንድ ወገን ይደምቃል፣ በሌላው ወገን ሊጠፋ ይቃረባል።

ቀስቱ ከአንተ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ቀኝ ስትሄድ እሱም ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጌለን ሮዌል እ.ኤ.አ. በ1981 ቲቤት፣ ላሳ ውስጥ ከፖታላ ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚያርፍ ቀስተ ደመና ያነሳው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ከሩቅ ሲያየው ቀስቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ቀስቱና ቤተ መንግሥቱ እስኪገጥሙለት በዚያ ከፍታ ሮጠ። አብረውት የነበሩት መንገደኞችም ያው ቀስተ ደመና ታይቷቸው ነበር።

ጨረቃም እንዲሁ ናት። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ግድም ነው፤ በየቀኑ ደግሞ በአማካይ 50 ደቂቃ ትዘገያለች። እንግዲህ ከሙሉ ጨረቃው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድመህ ከወጣህ መሬቱ ላይ ገና ብርሃን ሳለ ጨረቃዋ ወጥታ ታገኛታለህ። ደሴ ላይ ያልኩህ የመጨረሻው ብርሃን፣ ምሥራቁ ከፍታ ላይ የሚቀረው፣ ለዚህ የተሠራ ነው። ጨረቃዋ ራሷ ፀሐይ የመታት ድንጋይ ስለሆነች ጠቆር ላለ ሰማይ ብለህ ብዙ ብርሃን አትስጣት፤ አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 11፣ 1/100 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው።

በዚህ ነገር ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኸርናንዴዝ በምትባል መንደር አጠገብ ሲያልፍ፣ ቀኑን ሲደክምበት የዋለው ፎቶ አልሳካ ብሎት እየተመለሰ ነበር። ጨረቃ በተራሮቹ ላይ ወጥታ፣ የመጨረሻው ፀሐይ የመንደሩን መቃብር መስቀሎች ነክቷቸው አየ። መኪናውን አቁሞ ትልቁን ካሜራ ተከለ፤ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃን ብሩህነት ግን በቁጥር ያውቅ ስለነበር በጭንቅላቱ አስልቶ አነሳ። ሁለተኛ ለመድገም ፊልሙን ሲያዞር ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደ። ቀኑን እንኳ አልመዘገበውም፤ በኋላ ከጨረቃዋ አቀማመጥ ተሰልቶ ነው የታወቀው። ይህ ታሪክ ሲነገር ዕድሉ ይበዛል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ያልተሳካለት ቀን መጨረሻ ላይ ዓይኑ አለመዝጋቱ ነው። አንተም ቀኑ ካልሆነልህ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ አጣጥፈህ መኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አትወርውረው።

ሐይቅን ባጭሩ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምዕራባዊው ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይ ውኃው ማዶ ስትወጣ ታገኛታለህ። ቆርቆሮ የመሰለህ ውኃው ስለተንቀሳቀሰ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነፋስ ይነሳል፣ የተራራው ነጸብራቅ ከውኃው ላይ ይጠፋል። ከዚያ በፊት ድረስ። ገዳሙ ወንድ ስለሆንክ ያስገባሃል፣ ካሜራ ከማውጣትህ በፊት ግን አባቶችን አስፈቅድ። አርዲቦ ሐይቅም እንደዚያው ነው፤ አንዱን ምረጥ።

ምረጥ ካልኩህ ዋናው ነገር ላይ ደረስን ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ቀን መንገድ ይበላዋል። አራት ቀን አለኝ ብትል ያለህ ሦስት ማታና ሦስት ጠዋት ነው፣ ስድስት ብርሃን። አንተ ለስድስት ብርሃን ዘጠኝ ቦታ አስመዘገብክ። ከመነሻው ለአንዳንዱ ቦታ ቀትር እንደሚደርሰው የታወቀ ነበር፤ አንዱ ቦታ ለሌላው ሲያስቸኩልህ ደግሞ የቀረውንም ቀትር ወሰደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

መንገደኛ ትዕግሥት የሚያጣው ሐረጎ ላይ ቆሞ አይደለም፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ዝርዝር ሲያወጣ ነው። ያኔ «ባቲን አላይም» ማለት ያቃተው ሰው ሐረጎ ላይ ደርሶ መታገሥ አይችልም፤ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ሹፌሩም ጥሩምባ ይነፋል። ባቲ ይቅርብህ አልልህም፤ የሰኞ ገበያውን ለማየት ሂድ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ፎቶም አንሳ፤ ግን ቀትር ላይ ሂድበት፣ ለገበያ ቀትር አያስቸግርም። ጠዋቶችህን ለሁለት ቦታ ብቻ ስጥ። በጥቅምት ብትመለስ እኔ እንዲህ አደርገው ነበር፦ ደሴ አድረህ ሁለቱን ጠዋት ለሐረጎ ታስባለህ፤ ማታ ኮከቡን አይተህ ሐረጎ የማይሆን ከሆነ በዚያው ጠዋት ከምሥራቁ ወገን ጦሳን ታነሳለህ፣ እሱ ጉም አይፈልግም። ሦስተኛው ጠዋት የሐይቅ ነው። ማታዎቹ ጦሳ ላይ። ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ መመለስ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሄድክ ዕለት የምታነሳው ሁሉም ሰው የሚያነሳውን ነው። ሁለተኛው ላይ የትኛው ዛፍ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ጎጆ ጭስ እንደሚያወጣ፣ ፀሐይዋ በየትኛው ኮረብታ ትከሻ እንደምትመጣ ታውቃለህ። ከሁለተኛው ቀን ላይ ነው ዕድል የሚጠቅምህ፤ ሲመጣ የምታስቀምጥበት ቦታ አለህና።

ቦታህ ላይ ከደረስክ በኋላ መቼ ልቆይ መቼ ልሂድ ለሚለው እኔ የማየው አድማሱን ነው። ደመናው ራስህ ላይ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ የምትገባበት ወይም የምትወጣበት አድማስ ላይ ቀጭን ክፍት ከታየህ አትነቃነቅ፤ ፀሐይ በዚያች ክፍተት ስትደርስ ደመናውን ከሥሩ ታበራዋለች። አድማሱ ድረስ ወጥ ግራጫ ከሆነ ሂድና ራትህን ብላ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቆይ። እዚህ ሀገር ምሽቱ ቶሎ ነው የሚጨልመው፣ ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ትራይፖዱን አጥፎ ሲሄድ ነው የሚመጣው። እየጠበቅህ ሳለ ካሜራው ዝግጁ ይሁን፦ ፎከሱ በእጅ የተያዘ፣ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)፣ ኤክስፖዠሩ ለሰማዩ የተለካ። ብርሃኑ መጥቶ ሜኑ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አሳዛኝ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬህ ግን አንድ ነገር ልደብቅህ አልፈልግም፤ ንጹህ ዕድልም አለ። ሦስቱም ነገር ተሟልቶ ጉም የማይተኛበት ሌሊት አለ። ምንም ሳይጠበቅ እረኛ በጎቹን ይዞ ትክክለኛው ኮረብታ ጫፍ ላይ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። እኔ የምወደው ፎቶ ለጎረቤት ልጅ ሰርግ ስሄድ መንገድ ላይ ያነሳሁት ነው፤ ሙሽሮቹ ዘገዩ፣ ብርሃኑ አልዘገየም። እንዲህ ያለውን ማስላት አይቻልም፣ ካሜራው እጅህ ላይ እንዲሆን ብቻ ነው የምትችለው።

ስለ ሰው ደግሞ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው የጦር ሜዳ ነበሩ። ገና ሳይነጋ ካሜራ ተሸክሞ ገደል አፍ ላይ የቆመ እንግዳ ቢጠረጠር አትቀየም። ከመነሳትህ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ በዚያው ሳምንት እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቅ፤ ከሩቅ ሆነህ አትገምት። ኬላ፣ ወታደር፣ አውሮፕላን ማረፊያ አታንሳ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሳ። ማሳ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ባለቤቱን ሰላም በል። ቡና ጀባ ካሉህ ተቀመጥ። ጉም ነገ የት እንደሚተኛ ከእኔ ይልቅ እዚያ ከብት የሚያግዱት ያውቃሉ፤ ሲነግሩህም ለሚቀመጥ እንጂ ለሚሮጥ አይደለም።

ሌንሱን አትግዛ። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ለምታነሳው ሁሉ ይበቃል። ገንዘብ ካለህ ነፋስ የማያንቀጠቅጠው ጠንካራ ትራይፖድ ግዛ፤ ከንጋት በፊት ያልኩህ ሰማያዊው ጉም በእጅ ተይዞ አይነሳም። ሁለተኛ ባትሪ ያዝ፣ በብርድ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ በደረት ኪስህ አሙቀህ አቆየው። ካሜራውን ከሞቀ ክፍል ወይም መኪና ድንገት አውጥተህ ሌንሱ ካላበው አትደንግጥ፣ ቀደም ብለህ ደጅ አውለው፣ የሚጠርግ ደረቅ ጨርቅም ኪስህ ይኑር። የቀረህን ብር ለኮንትራት መኪና አውለው፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ ካልክ ጉሙ ከመበተኑ በፊት ሐረጎ አትደርስም። ሹፌሩን ማታውኑ ተስማማ፣ ከደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደምትነሱ ንገረው፣ የሚያቆምበትን ሰዓትም አብረህ ተዋዋል።